ዳቦ ጋጋሪ ሊሆን የነበረው ጫማ ሰሪ፦ የአትሌቶችን እግር ሲያጠና የኖረው አዲ ዳስለር

መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አትሌት ትዕግስት አሰፋ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየች። ያ ፎቶ ዓለምን ዞረ።

አንዱ ጫማ 138 ግራም ገደማ ብቻ ነበር የሚመዝነው። ይሄን እያነበባችሁበት ካለው ስልክ ሳይቀል አይቀርም። ዋጋው ደግሞ 500 ዶላር። ወዲያው ክርክሩ ተነሳ፦ ክብረ ወሰኑን የሰበረችው ሯጯ ናት ወይስ ጫማው?

ክርክሩ ግን አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ውስጥ፣ እናቱ ልብስ ታጥብበት በነበረ ትንሽ ክፍል ውስጥ ጫማ መስፋት የጀመረ አንድ ልጅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሰው ሲሮጥ እግሩ ምን ይሆናል? ስሙ አዶልፍ ዳስለር ይባላል። ቤተሰቡና ጓደኞቹ አዲ ይሉታል። ትዕግስት ከፍ አድርጋ ባሳየችው ጫማ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው፤ አዲዳስ።

የዛሬው ታሪካችን የእሱ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልብስ አጣቢዋ ልጆች

አዲ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1900 ነው። አገሩ በባቫሪያ የምትገኝ ሄርዞገንአውራህ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። የከተማዋ ሰው ብዙው የሚተዳደረው በጫማ ሥራ ነበር። አባቱ ክሪስቶፍ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጣሪ፣ እናቱ ፓውሊና ደግሞ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። አዲ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነው። የታጠበውን ልብስ ለየደንበኛው የሚያደርሱት እሱና ወንድሞቹ ፍሪትስና ሩዶልፍ ስለነበሩ ሰፈሩ የሚያውቃቸው የልብስ አጣቢዋ ልጆች እያለ ነው።

አባትየው ለአዲ ያሰቡለት ሙያ ዳቦ ጋጋሪነት ነበር። እሱም ሙያውን ተምሮ ጨረሰ። ልቡ ግን ዱቄቱ ላይ አልነበረም፤ ስፖርት ላይ ነበር። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ኳስ ይጫወታል፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል።

ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋለው። ሰዉ ለሁሉም ስፖርት የሚጠቀመው ተመሳሳይ ዓይነት ከባድ ጫማ ነው። አጭር ርቀት የሚሮጠውም፣ አሎሎ የሚወረውረውም፣ ኳስ የሚጫወተውም። የእነዚህ ሰዎች እግር ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የመቶ ሜትር ሯጭ የሚሮጠው በእግሩ ጣቶችና በፊተኛው መዳፍ ነው፤ ተረከዙ መሬት ብዙም አይነካም። ከፍታ ዘላይ ሲነሳ ተረከዙን መሬት ላይ ይተክላል። ኳስ ተጫዋች በየሰከንዱ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። ታዲያ ሥራው ከተለያየ ጫማውስ ለምን አንድ ይሆናል?

ዛሬ ይሄ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ብዙ ሰው አልጠየቀውም።

በብስክሌት የሚሠራ ፋብሪካ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል አዲም ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ለውትድርና ተጠራ። ሲመለስ ጀርመን ተሸንፋ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ የእናቱም የልብስ አጠባ ሥራ ቆሞ ጠበቀው። ዳቦ ጋጋሪነቱን ትቶ ባዶ የቀረውን የማጠቢያ ክፍል ወርክሾፕ አደረገው። ጫማ መስፋት ያስተማረው አባቱ ነው።

ችግሩ ቆዳ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ መብራትም እንደልብ የለም። (ይሄ የመጨረሻው ለእኛ አዲስ አይደለም።) አዲ ምን አደረገ መሰላችሁ? ወታደሮች ጥለውት የሄዱትን ዕቃ እየዞረ ለቀመ። ከብረት ቆቡና ከስንቅ ከረጢቱ ላይ ቆዳውን እየቀደደ ወሰደ። ቆዳ የሚያለሳልሰውን ማሽን ደግሞ ከብስክሌት ጋር አያያዘው፤ አንድ ሰው ፔዳሉን ይመታል፣ ማሽኑ ይሽከረከራል። በቃ፣ ፋብሪካ ሆነ።

ሯጮች መሬት የሚቆነጥጡበትን የስፓይክ ሹል ብረት የሠራለት ጓደኛው ፍሪትስ ጼህላይን ነው፤ አባቱ አንጥረኛ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ ታላቅ ወንድሙ ሩዶልፍ ተቀላቀለውና በ1924 የዳስለር ወንድማማቾች ጫማ ፋብሪካ በይፋ ተመዘገበ።

ሁለቱ ሰዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አዲ ዝምተኛ ነው፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ከቆዳና ከመርፌ ጋር ነው። ሩዶልፍ ተናጋሪ፣ ተጫዋችና ሻጭ ነው። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይሸጣል። ለጊዜው ጥሩ ጥምረት ነበር።

ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት

የአዲ ልዩ ነገር ጎበዝ ሰፊ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ጎበዝ ጫማ ሰፊ በከተማዋ ሞልቷል። ልዩ ያደረገው ጫማው ከተሸጠ በኋላም ሥራው አለማለቁ ነው። ሜዳ ይሄዳል፣ ቆሞ ያያል፣ አትሌቱን ይጠይቃል። የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርህ? የቱ ጋ ነው የሚያንሸራትትህ? ተመልሶ ያስተካክላል፣ ራሱ አድርጎት ይሮጥበታል፣ እንደገና ይሰጣል።

ያገለገለ ጫማ እኮ ማንበብ ለሚችል ሰው ደብተር ነው። ሶሉ በአንድ ወገን ካለቀ ባለቤቱ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ ይናገራል። ጎኑ ከተተረተረ ሲዞር ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ይናገራል። አዲ ይሄን ደብተር ማንበብ ሙያው አደረገው።

የጀርመን አትሌቲክስ አሰልጣኝ ዮሴፍ ቫይትሰርም ወዳጁ ሆነ። ጫማ ሰሪው ከአሰልጣኙ ሯጮች ምን እንደሚፈልጉ ይሰማል፤ አሰልጣኙም ከጫማ ሰሪው የተሻለ ጫማ ያገኛል።

ውጤቱ በ1928 አምስተርዳም ኦሊምፒክ ታየ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በ800 ሜትር በተወዳደሩበት በዚያ ኦሊምፒክ ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ የዳስለርን ስፓይክ አድርጋ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ውድድር በኋላ ርቀቱ ለሴቶች ይከብዳል ተብሎ እስከ 1960 ድረስ ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። የእነ ትዕግስት መንገድ ከየት እንደተነሳ ለማሰብ ያህል ነው።

አዲ በዚህ አልረካም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የራሱ ፋብሪካ ያለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ፒርማዘንስ በምትባል ከተማ ወዳለ የጫማ ሙያ ትምህርት ቤት ሄዶ ተማሪ ሆነ። እዚያ ሲያስተምር የነበረው የፎርማ ባለሙያ ፍራንስ ማርትስ ነበር። ፎርማ ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ነው። አዲ ሙያውን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ የመምህሩን ልጅ ኬቴንም በ1934 አገባ። ኬቴ ኋላ ላይ የድርጅቱ ምሰሶ ሆነች።

ጥቁሩ ገጽ

እዚህ ላይ ታሪኩን አሳምሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ልክ አይሆንም።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ የዳስለር ወንድማማቾች የናዚ ፓርቲ አባል ሆኑ። አዲ የሂትለር ወጣቶች በሚባለው ድርጅት ውስጥም በስፖርት አሰልጣኝነት አገልግሏል። አገዛዙ ስፖርትን ለፕሮፓጋንዳ ስለሚፈልገው የጫማ ገበያው ደራ። ፋብሪካው ያደገው በዚያ ጊዜ ነው።

በ1936 ግን አንድ አስገራሚ ነገር ሆነ። የበርሊን ኦሊምፒክ ሂትለር የነጭ ዘር የበላይነትን ለዓለም ሊያሳይበት የፈለገው መድረክ ነበር። አዲ ደግሞ ዓይኑን የጣለው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ላይ ነበር፤ ጄሲ ኦውንስ። ስፓይኩን እንዲያደርስለት አደረገ። ኦውንስ በዚያ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በርዝመት ዝላይና በዱላ ቅብብል አራት ወርቅ ወሰደ። በእግሩ ላይ የዳስለር ጫማ ነበር።

ይሄ አዲን ጀግና ያደርገዋል? አያደርገውም። የፓርቲ አባልነቱን አልተወም። ግን ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይናገራል፦ ጫማውን ይዞ ሲነሳ የሚያየው የሯጩን እግር ነበር። ችግሩም እሱው ነው። ከእግር በላይ ያለውን፣ በዙሪያው የሚሆነውን፣ ለማየት ብዙ አልደፈረም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1943 መጨረሻ የጫማው ፋብሪካ ፀረ ታንክ መሣሪያ እንዲሠራ ተደረገ። የስፖርት ጫማ ሲሰፉ የነበሩ እጆች የጦር መሣሪያ መገጣጠም ጀመሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች ከተማዋን ያዙ። አዲም የናዚን ሰዎች በሚመረምር ችሎት ፊት ቀረበ። መጀመሪያ ላይ ከባድ ተጠያቂነት ካለባቸው መካከል ተመደበ፤ ይሄ ፋብሪካውን ሊያሳጣው የሚችል ነበር። ይግባኝ ብሎ፣ ምስክሮች ቀርበውለት፣ በመጨረሻ ተከታይ ብቻ ወደሚባለው ቀላል ምድብ ዝቅ ተደረገለትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወንዙ

የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ የፈነዳው በዚሁ ሰሞን ነው። መነሻው ምን እንደሆነ በከተማዋ የማይወራ ነገር የለም። የሚታወቀው ይሄ ነው፦ ሩዶልፍ ተመልምሎ ወደ ውትድርና ሲላክ አዲ ፋብሪካው ውስጥ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች ሩዶልፍን ለአንድ ዓመት ያህል አሰሩት። ሩዶልፍ የጠቆመብኝ ወንድሜ ነው ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ አብሮ መሥራት አልተቻለም።

በ1948 ተለያዩ። ማሽኑን ተካፈሉ፣ ሠራተኛውም ተከፈለ፤ ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ከአዲ ጋር ቀሩ፣ ሻጮቹ አብዛኞቹ ከሩዶልፍ ጋር ሄዱ። ሩዶልፍ የአውራህን ወንዝ ተሻግሮ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። መጀመሪያ ሩዳ ብሎ ጠራው፣ ወዲያው ግን ፑማ አደረገው። አዎ፣ ያው የምታውቁት ፑማ! አዲ ደግሞ ከስሙ አዲን፣ ከቤተሰቡ ስም ከዳስለር ዳስን ወስዶ በኦገስት 1949 አዲዳስን አስመዘገበ። (አዲዳስ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምህጻር ነው የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። አይደለም።)

ሦስቱ መስመሮችም መጀመሪያ ለጌጥ አልነበሩም። ተጫዋቹ ሲዞር ጫማው በጎን እንዳይለጠጥ ከውጭ የሚሰፋ የቆዳ ማሰሪያ ነበር። ከሩቅና በፎቶ ላይ ጥሩ እንደሚታይ ሲገባው ነው መለያው ያደረገው። የፋሽን ምልክት የሆነው ነገር የተወለደው ከእግር ችግር ነው።

ሄርዞገንአውራህ ግን ለሁለት ተከፈለች። የአንዱ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ የኳስ ክለቡ እንኳን በሁለት ጎራ ሆነ። ከተማዋ ሰው አንገቱን የሚደፋባት ተባለች። ምክንያቱም እዚያ ሰው ሲያገኛችሁ ፊታችሁን ሳይሆን መጀመሪያ ጫማችሁን ነው የሚያየው ይባል ነበር።

የበርን ዝናብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1954፣ በርን፣ ስዊዘርላንድ። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፦ ምዕራብ ጀርመን ከሀንጋሪ። የእነ ፑሽካሽ ሀንጋሪ ለአራት ዓመታት አልተሸነፈም። በምድብ ጨዋታው ይሄንኑ የጀርመን ቡድን 8 ለ 3 አሸንፎታል።

ያን ቀን ዘነበ። ሜዳው ጭቃ ሆነ። አዲ ዳስለር ከአሰልጣኙ ሴፕ ኸርበርገር ቡድን ጋር እዚያው ነበር፤ ጫማ ሰሪው እንደ ቡድኑ አባል አብሮ ይጓዛል። የጀርመኖቹ ታኬታ ከሥሩ ያሉት ጥርሶች እንደ ብሎን እየተጠመዘዙ የሚገቡና የሚወጡ ነበሩ። ሜዳው ደረቅ ከሆነ አጭሩ፣ ጭቃ ከሆነ ረጅሙ ይገባል። ተጫዋቾቹ ረጅሙ ተገጠመላቸው።

ሀንጋሪ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራች። ጀርመኖቹ በ18ኛው ደቂቃ አቻ ሆኑ። በ84ኛው ደቂቃ ሄልሙት ራን አስቆጠረና 3 ለ 2 አለቀ። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ውስጥ ላለ ሕዝብ ያ ድል ከኳስ በላይ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የበርን ተአምር ይሉታል።

ያሸነፈው ጫማው ነው? ብቻውን አይደለም። የሚገባና የሚወጣውን ጥርስ ቀድሜ የሠራሁት እኔ ነኝ የሚለው ክርክርም ከወንዝ ማዶ ካለው ፑማ ጋር ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል። ግን ጭቃ ላይ የማይንሸራተት ተጫዋችና የሚንሸራተት ተጫዋች እኩል አይደሉም። ይሄን ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል።

ጫማ እግርን ካልሰማ

አሁን ወደ እኛው ሰው እንምጣ። በ1960 ሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። አበበ ጫማ አያውቅም ነበር የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው እሱና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን በባዶ እግር እንዲሮጥ የወሰኑት። በባዶ እግሩ ደግሞ ልምምድ ሠርቶበታል።

ነገሩን ካሰባችሁት አበበ በዚያ ምሽት አዲ ዕድሜውን ሙሉ ያመነበትን ነገር ነው ያረጋገጠው፦ ለእግርህ ያልተሠራ ጫማ ከሚኖርህ ባይኖርህ ይሻላል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጦ በ2:12:11 እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ጫማው የማን ነበር? የሩዶልፍ፤ ፑማ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አዲዳስ የዓለም ድርጅት ሆነ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ቦብ ቢመን 8 ሜትር ከ90 የዘለለው በአዲዳስ ጫማ ነው። በ1970 የዓለም ዋንጫ ላይ የቀረበችው ቴልስታር የምትባለው ጥቁርና ነጭ ኳስም የአዲዳስ ናት። ቀለሟ እንዲያ የሆነው በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በደንብ እንድትታይ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የተጠናው የተጫዋቹ እግር ብቻ ሳይሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ዓይንም ጭምር ነው።

አዲ ግን ከስብሰባና ከንግግር ይሸሽ ነበር። ንግዱን ለኬቴና ለልጁ ለሆርስት ትቶ ከጫማው ጋር መዋል ነው የሚወደው። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች ከ700 በላይ ናቸው ይባላል።

ሩዶልፍ በ1974 ሞተ። ወንድማማቾቹ በአደባባይ ሳይታረቁ ነው የተለያዩት። አዲ በሴፕቴምበር 6 ቀን 1978 አረፈ። ሁለቱም የተቀበሩት በዚያችው ከተማ፣ በአንድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ ግን ዳርና ዳር፣ አንዱ ከሌላው እስከሚቻለው ተራርቆ። ቤተሰቡም ኋላ ላይ ድርጅቱን ለሌሎች ሸጠ።

የማያውቀው ሯጭ የት ጋ እንደሚያመው ከአሮጌ ሶል ላይ ማንበብ የቻለ ሰው፣ የገዛ ወንድሙ የት ጋ እንዳመመው ጠይቆ ነገሩን መቋጨት አልቻለም። ከሕይወቱ ሁሉ እኛን ያሳዘነን ይሄ ነው።

ዛሬ የእሱን ሥራ የሚሠሩት በሰከንድ መቶዎች ምስል የሚያነሱ ካሜራዎችና የእግርን ጫና የሚለኩ ማሽኖች ናቸው። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሲሮጥ፣ ትዕግስትም ከ15 ዓመት በኋላ እዚያው በርሊን ስትሮጥ ያደረጉት ጫማ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሯጭን እግር አይቶ የሠራው ነው።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳነው ጥያቄ እንመለስ፦ ክብረ ወሰኑ የሯጯ ነው ወይስ የጫማው? አዲ ዳስለር ጫማ የሚሠራው እግሩን ካየ በኋላ ነበር። እኛም ከዚህ ተነስተን እግሩ ይቀድማል እንላለን።

እናንተስ? ልምምድ ላይ ያላችሁ ሯጮች፣ ኳስ ተጫዋቾች፣ ጫማችሁ የት ጋ ነው የሚያስቸግራችሁ? መርካቶ ጫማ የምትሠሩ ልጆችስ፣ የደንበኛችሁን አሮጌ ሶል ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለጫማ ወዳጅ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።